ሳይሰምር የገባ ስለት

ከቢር ፒክአፑን ከጁባው የአትላባራ ሰፈር ጭቃ ለማውጣት ማርሽ እየቀያየረ ሲታገል፣ ሶሊ ኋላ ከጭነቱ ጎን ቆማ «ቀስ በል! ስሚንቶ እኮ አይደለም የጫንከው!» እያለች የመኪናውን ጣሪያ በመዳፏ ትደበድብ ነበር።

«ስሚንቶ ቢሆን ዝም ይለኝ ነበር» አለ ከቢር ለራሱ።

የጫነው ነገር በአንሶላ፣ በላዩ ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የስለት ጥላ ነው። ከመርካቶ ያስመጣው ራሱ ከቢር ነው። ማላኪያ ገበያ ውስጥ ዘይትና ዱቄት በጅምላ የሚያከፋፍል የስልጤ ሙስሊም፣ ለአንዲት ኦርቶዶክስ ብሎ፣ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ጥላ በአውሮፕላን ማስጫኑን የሰሙ የገበያ ጓደኞቹ ሲስቁበት ሰንብተዋል። እሱም አብሯቸው ስቋል። ጥላው ጁባ ሲደርስ ግን ዕቃ ቤት ቢያድር ዱቄት ይነካዋል ብሎ መኝታ ክፍሉ አስገብቶ፣ ራሱ ሳሎን ወለል ላይ ተኝቷል።

ዕለቱ እሑድ፣ መስከረም ፳ ቀን ፳፻፲፩ ዓመተ ምሕረት ነበር። የደቡብ ሱዳን ተፋላሚዎች አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ከፈረሙ ገና ወር አልሞላቸውም። ጁባ ሰላሙን እንደ አዲስ ጫማ በጥንቃቄ ትሞክረው ነበር፤ ሰው ገበያ ሲወጣ አሁንም የሚሸሽበትን መንገድ አስቀድሞ ያያል። በዚያው እሑድ፣ ካቶር ያለው አሮጌው የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል የቅድስቲቱን ዓመታዊ በዓል ያከብራል። ሶሊ የምትሄደው ወደዚያ ነው። እንዳትሄድ የሚፈልጉት ሰው ደግሞ ከሰፈሩ መውጫ ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

ጋሽ ሐጎስ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ከፒክአፑ ፊት ቆሙ። በወጣትነታቸው ዲያቆን የነበሩ፣ አሁን ሆቴል ያላቸው፣ የጁባ ሐበሾች ሲጣሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ከቢር ጥሩንባ ቢነፋም ንቅንቅ አላሉም።

«ሶሊ፣ ውረጂ።»

«ጋሽ ሐጎስ፣ በማርያም ከመንገዱ ይውጡልኝ፤ ነጠላዎን ጭቃ ይረጭብዎታል።»

«የረጨ ይርጭ! ስለት ሲሰምር ነው የሚገባ። ልጅ የለመነ ልጁን ታቅፎ፣ ጤና የለመነ በእግሩ ቆሞ። አንቺ ምን ታቅፈሽ ነው ጥላ የምታስገቢው? ያውም የራሳችን ታቦት እያለ ለካቶሊክ!»

ሶሊ ከላይ ሆና ተመለከተቻቸው። አርባን የተሻገረች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ምግብ ቤቷ የገባ ሰካራም ወታደር እንኳ ወንበሩን መልሶ አስተካክሎ የሚወጣው እሷን ፈርቶ ነው።

«ጋሽ ሐጎስ፣ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ሲሰምር አስገባለሁ ብዬ እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። አሁን እኔ ልቅደም። ጥላዬን ትቀበል፣ በሕዝብ ፊት በማይክሮፎን ይነገርላት፣ እልል ይባልላት፣ ከዚያ ደግሞ ዝም ትበል እስቲ!»

«ቅድስት ታስፈራሪያለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ! አላስፈራራም። ይሉኝታ ነው የማስገባት።»

ከቢር ሳቁን ለመዋጥ መሪው ላይ ተደፋ። ጋሽ ሐጎስ አልሳቁም። የሶሊን ጉዳት ያውቁታል።

የሶሊ ታናሽ ወንድም ምንያህል የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር። ከነጭ ዓባይ ዳር እየሞላ በየሰፈሩ ያከፋፍላል። በሁለት ሺህ ስምንት ሐምሌ፣ ጁባ ውስጥ ተኩስ በተከፈተበት ዓርብ፣ ቦቴውን ሞልቶ ከከተማው ዳር ወዳለው ጀበል ሰፈር ወጣ፤ አልተመለሰም። ቦቴው ከሳምንታት በኋላ በጥይት ተበሳስቶ፣ ጎማው ተፈትቶ መንገድ ዳር ተገኘ። ሶሊ ፎቶውን ይዛ በየሆስፒታሉ፣ በየእስር ቤቱ፣ በየተፈናቃዩ መጠለያ ዞረች። ያየ የለም፤ የቀበረም የለም።

ጎሐ ጽዮን ያለችው እናታቸው ከዚያ ወዲህ ጥቁርም አልለበሰች፣ ነጭም አልለበሰች። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በር አንኳኩቶ መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ማታ ማታ በሩን ትቀረቅራለች፤ ከበሩ ኋላ ደግሞ ከባዱን የልብስ ሣጥን ትጎትታለች፤ ፀሐይ ሞቅ ሳይል ማንም ቢጠራት አትከፍትም። አንድ ቀን ወተት የምታመጣላት ሴት ማልዳ ብታንኳኳ፣ እናት ከውስጥ ሆና «የለሁም! የለሁም!» ብላ ጮኻለች ይባላል። ይህን ለሶሊ በስልክ የነገራት አጎቷ እየሣቀ ሊያወራው ጀምሮ መጨረስ አልቻለም።

«ምን ብለሽ ነው የምትለምኛት?» አሉ ጋሽ ሐጎስ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ያኔ በሕይወት አምጪልኝ ነበር ያልኳት። አሁን ቁርጡን ስጪኝ ነው የምላት። ካለ ያለበትን፣ ከሞተ መቃብሩን። ቁርጥ ያጠግባል ይባል የለ? እናቴ በርሃብ እንዳትሞትብኝ ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ነቅለው ወደ ዳር ወጡ።

«ለሚይዙት ሰዎች ንገሪያቸው» አሉ፣ አሁንም እንደተቆጡ። «ነፋስ ከመጣ ዘንጉን ጨብጠው እንዳይታገሉ። ወደ ነፋሱ ያዘንብሉት። ክንድ የሚጨርሰው ትግሉ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«እኔ ግን አልፈቀድኩም።»

«እሺ ጋሼ።»

ማላኪያን አልፈው ወደ ኮኞ ኮኞ ገበያ ሲቃረቡ ቼክፖይንት ላይ ቆሙ። ወታደሩ የመኪናውን ወረቀት አላየም። ዓይኑ የሄደው በቀጥታ ወደ ረዥሙ ጥቅልል ነው። በዚያ ዘመን ጁባ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ሲታይ ማንም ጥላ ነው ብሎ አያስብም።

«ዳ ሹኑ?» አለ፤ ምንድነው ማለቱ ነው። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ከቢር የጁባን ዓረብኛ ከአፉ ማር የሚንጠባጠብ እስኪመስል ይናገረዋል። የበዓሉን ነገር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር አስረዳው። ወታደሩ አገጩን ወደ ጥቅልሉ ቀሰረ፤ ፍቱት።

«ሶሊ፣ ፍቺው ይላል።»

«አልፈታም። የስለት ጥላ ከደጇ ሳይደርስ አይዘረጋም።»

«ሶሊ፣ በአላህ ይዤሻለሁ! ሰውየው ጠመንጃ ይዟል!»

«አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ። ንገረው፤ በገዛ እጁ ይፍታው። ከዚያ ግን መልሱን ለራሷ ለቅድስት ቴሬዛ ይስጥ። እኔ የለሁበትም።»

ከቢር ላቡን ጠርጎ «ሴትዮዋ በታላቅ ትሕትና እየለመነችህ ነው» ብሎ ተረጎመ። ወታደሩ የሶሊን ፊት አየና ትርጉሙን አላመነውም። ሆኖም ከንግግሯ መሃል አንዲቱን ስም ይዟል።

«ቴሬዛ? ካቶር?»

ጎማው ላይ ወጣና ጥቅልሉን ከታች ወደ ላይ በመዳፉ ዳሰሰው። ጫፉ ላይ ሲደርስ በላስቲኩ ውስጥ የመስቀሉን አራት ክንድ አገኘ። እጁን ቶሎ አነሳ። «ያላ፣ ሂዱ» አለ፤ ከዚያም ቀረብ ብሎ፣ እናቱም ዛሬ እዚያው መሆኗን ለከቢር ነገረው። መኪናው ትንሽ ከሄደ በኋላ ከቢር ሳያውቀው ነዳጁን ረገጠው፤ ሶሊ ከላይ ሆና ጣሪያውን ደበደበች። «ቀስ በል አላልኩህም?»

የካቴድራሉ ግቢ ከአፍ እስከ ገደፉ በሰው ሞልቶ ነበር። እናቶች የቅድስቲቱ ሥዕል የታተመበት አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሰዋል፤ ከበሮው ከውስጥ ይሰማል። ሶሊ ከፒክአፑ ወርዳ ግቢውን ቃኘች። በሐምሌው ተኩስ የተጠለለችው እዚህ ነው፤ እዚያ ማዶ፣ ከማንጎው ዛፍና ከግንቡ መሃል፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር መሬት ላይ ተኝታ። አበባና መስቀል ያቀፈችውን ምስል በተከፈተው በር እያየች ነበር የተሳለችው። በኋላ ሰዎች ስለምን ለፈረንጅ ቅድስት ሲሏት «የተጠጋሁት ደጅ የእሷ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ከየት ላምጣ?» ነበር መልሷ።

በጁባ ካቶሊኮች ዘንድ ማንኛውም ቄስ «አቡና» ይባላል። ሶሊ ይህን ሳታውቅ በፊት፣ በዚያ ሐምሌ፣ ውሃ ሲያድል ያየችውን ቄስ አቡና ሲሉት ሰምታ ጳጳስ መስሏት መሬት ልትስም ተደፍታ ነበር። ዛሬም ያው ሰው ከልብስ መልበሻው ክፍል ወጣ፤ አቡና ሳንቲኖ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ጠጉሩ የነጣ። ጳጳስ አለመሆኑን ብታውቅም እንደ ድሮው አጎነበሰችለት።

«በእኛ ዘንድ ስለት ማለት ሻማ ነው፣ ጸሎት ነው» አለ አቡና ጥቅልሉን እያየ። «ይህን ምን አደርገዋለሁ?»

ከቢር እየተረጎመ፣ ሶሊ ሲባጎውን በጥርሷ ፈታችው። ጥላው ተዘረጋ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዳር ዳሩ የወርቅ ዘርፍ አለው፤ ዙሪያውን ጽጌረዳ ተጠልፎበታል። ፊት ለፊት ደግሞ ቅድስት ቴሬዛ፣ ዓይኖቿ ግማሽ ፊቷን ይዘው፣ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

አቡና ጎንበስ አለ። «ይህች ማን ናት?»

«ቴሬዛ ናት። ለጠላፊው ፎቶዋን በስልክ ልኬለት ነበር። ዓይኗ ትንሽ ነው፣ እንዲህ ሆና ቅድስት አትመስልም ብሎ አስተካከላት።»

ሽማግሌው ቄስ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ከዚያ የጥላውን ጨርቅ በጣቱ ነካ አድርጎ ሌላ ነገር ትዝ አለው።

«ሮም ስማር» አለ፣ «ባዚሊካ የሚባል ማዕረግ ያላቸው ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ እንዲህ ያለ የሐር ጥላ ቆሞ አይቻለሁ። ሙሉ አይዘረጋም፤ ግማሽ ብቻ ይከፈታል። ምናልባት የሮሙ ጳጳስ ቢመጡ ለመቀበል እንዲዘጋጅ ነው። የእኛ ባዚሊካ አይደለም፣ ካቴድራል ነው፤ ጥላ ኖሮት አያውቅም።»

«መጥተው ያውቃሉ?» አለች ሶሊ።

«ብዙዎቹ ጋ ለዘመናት ማንም አልመጣም። ጥላው ግን ይቆማል።»

«እኔ ግማሽ ተከፍቶ መቆም ሰልችቶኛል በለው፣ ከቢር። ይህን ጥላ ለምን እንዳመጣሁ በማይክሮፎን ይናገሩልኝ። የወንድሜን ስም ጠርተው፣ የት እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋ። የእኛ ሀገር ስለት በምስጢር አይገባም።»

አቡና ሳንቲኖ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ለተደረገለት ነገር ያመሰግናል፤ ያልተፈጸመን ነገር በበዓል ቀን ከመንበሩ ፊት ቆሞ እንዴት ያውጃል? ጋሽ ሐጎስ ያሉትን ነው ያለው፤ ልዩነቱ በዓረብኛ መሆኑ ነው። ሶሊ ዘንጉን አልለቀቀችም። አቡናም ሄዶ ልብሱን አልለበሰም። ከበሮው ከውስጥ እየጠነከረ ነበር።

«የእርስዎ ቅድስት» አለች ሶሊ በመጨረሻ፣ «ምን አድርጋ ነው ቅድስት የሆነችው? ጥላ ያሠራሁላት ሳላውቃት ነው።»

አቡና ይህን ጥያቄ አልጠበቀውም። ቢሆንም ነገራት፤ ከቢርም ተረጎመላት። ልጅ ሳለች ገዳም ልግባ ብትል ዕድሜሽ አልደረሰም ተባለች። ከአባቷ ጋር ሮም ሄደች። ጳጳሱ ፊት ስትቀርብ ማንም ቃል እንዳይተነፍስ ተብሎ ነበር። እሷ ግን ጉልበታቸው ላይ እጇን ጥላ ልመናዋን ተናገረች። ተነሺ ብትባል አልነሣ ስላለች ዘበኞች ተሸክመው አወጧት።

«ተሸክመው?» አለ ከቢር፣ መተርጎሙን ትቶ።

«ተሸክመው። ከወራት በኋላ ገዳም ገባች። በሃያ አራት ዓመቷ በሳንባ በሽታ ዐረፈች። ከሞትኩ በኋላ ሥራ አልፈታም ብላ።»

«እንግዲያው እሷም ሲሰምር አይደለም የተናገረችው» አለች ሶሊ። «ሳይሰምር ነው።»

ቄሱ አያት። ልትከራከረው አልነበረም፤ እንባዋ መጥቶ ነበር፣ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። አቡና ሳንቲኖ የመነጽሩን ጭጋግ በልብሱ ጠረገ።

«የወንድምሽ ስም ማን ነበር?»

ቅዳሴው ሲያበቃ ስሙ በማይክሮፎን ተነገረ። ከቢር ከደጃፉ ውጭ ቆሞ ሰማው፤ ምንያህል፣ የውሃ ቦቴ ሾፌር፣ በሐምሌው ጦርነት ወደ ጀበል ወጥቶ የቀረ፤ እህቱ ይህን ጥላ የምትሰጠው ስለተመለሰላት ሳይሆን ቁርጡን ለማወቅ ነው። አቡና በጁባ ዓረብኛ አለው፤ ቀጥሎ በባሪ ቋንቋ ደገመው። ሕዝቡ ምን ማለት እንዳለበት ግራ ገብቶት ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሃል አንድ እልልታ ብቻውን ወጣ። የሶሊ ነበር። ራሷ ለራሷ እልል አለች። ለቅጽበት ብቻዋን ቆየች፤ ከዚያ አንዲት አሮጊት ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ቤቱ ተናጋ። ከቢር ምንያህልን ይወደው ነበር፤ ማላኪያ ውስጥ ውሃ ሲያወርድ «ዱቄቱን ላቡካልህ?» እያለ የሚቀልድበት እሱ ብቻ ነበር።

ምስሏን አራት ሰዎች ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑን ሊያዞሩ ሲወጡ ሰማዩ ጠቁሯል። ጥላውን አንድ ጎረምሳ ያዘ፤ የመጀመሪያው ነፋስ ወደ ኋላ ወሰደው። ሌላ ሰው አገዘው፤ ሁለቱም ዘንጉን አንቀው ከነፋሱ ጋር ተጓተቱ፤ የወርቁ ዘርፍ ከምስሏ ራስ ላይ ተጠመጠመ።

«አዘንብሉት! ወደ ነፋሱ አዘንብሉት!» ሶሊ በአማርኛ ጮኸች።

ከቢር ሊተረጉም አፉን ሲከፍት አቡና እጁን አንሥቶ ሰልፉን አስቆመ። «እሷ ትያዘው» አለ።

ሶሊ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በእኛ ቤት ሴት አትይዘውም፣ የዲያቆናት ሥራ ነው አለች። አቡና ሲተረጎምለት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ስለቱ የማን ነው? ሶሊ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ዘንጉን ተቀበለች፣ ወደ ነፋሱ ዘመም አደረገችው፤ ጥላው እንደ ለመደ ከብት ረጋ። ሰልፉ ተነቃነቀ። ከቢር ጎኗ ጎኗን ሄደ፤ ካቶሊኮቹም ምን ትሠራለህ አላሉትም።

ከመንበሩ ኋላ ያለውን ማዕዘን እንደዞሩ አንዲት ቀጭን ጠይም ሴት ሰዉን እየገፋች መጣች። የሶሊን ክንድ ያዝ አደረገችና በጥሩ አማርኛ ተናገረቻት።

«የእኔ እህት፣ ጥላውን አትልቀቂ። እየሄድሽ ስሚኝ።»

ሶሊ አየቻት። እግሯ አልቆመም።

«አጁሉ እባላለሁ። ያደግኩት ጋምቤላ፣ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ነው። ወንድምሽ የግራ አውራ ጣቱ ግማሽ ነበር?»

ጥላው ተወዛወዘ። ከቢር ዘንጉን ሊይዝ እጁን ሰነዘረ፤ ሶሊ ግን መልሳ አቃናችው።

«በልጅነቱ ነው» አለች ሶሊ። «እንጨት ሲፈልጥልኝ።»

«እንግዲያው እሱ ነው። ቤቴ ጀበል ሥር ነበር። ዓርብ ተኩሱ ሲጀመር ቦቴውን ይዞ ሰፈራችን ገብቶ ቀረ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ውሃ ያለው እሱ ብቻ ነው። ቧንቧውን ከፍቶ ለሰው ሁሉ በነፃ አደለ። አማርኛ እንደምችል ሲያውቅ እኔን ‹ፉኝዶ› ነበር የሚለኝ።» አጁሉ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እሑድ ተኩሱ እንደገና መጣ። ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ውጭ ነበሩ። እሱ ከቦቴው ኋላ ወጥቶ ‹ግቡ፣ ግቡ› እያለ ወደ ቤት ይነዳቸዋል። ጥይቱ ከየት እንደመጣ አናውቅም። አንድ ናት። አልተሠቃየም።»

ሰልፉ ሁለተኛውን ማዕዘን ዞረ። ሰዎቹ ይዘምራሉ። የሶሊ እንባ በጉንጮቿ ይወርዳል፤ ሁለት እጆቿ ዘንጉ ላይ ስለሆኑ ልትጠርገው አልቻለችም።

«ማን ቀበረው?» አለች።

«እኔና ጎረቤቴ። ከጓሮዬ፣ ከኒም ዛፉ ሥር። በቦቴው ሸራ ገነዝነው። ማተቡን አልፈታሁም። ፉኝዶ ስላደግኩ ሐበሻ ከነማተቡ እንደሚቀበር አውቃለሁ። በነጋታው ልጆቼን ይዤ ወደ ዩጋንዳ ሸሸሁ፤ የተመለስኩት አሁን፣ ሰላም ነው ሲባል ነው። ምንያህል መባሉን ብቻ ነው የማውቀው። ሁለት ሦስት ሐበሻ ሱቅ ገብቼ ጠየቅኩ፣ የሚያውቀው አላገኘሁም። ዛሬ አቡና ስሙን ሲጠሩ...» አልጨረሰችውም።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ከቢር። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ አላፈረበትም። እጁን አንሥቶ ዘንጉ ላይ፣ ከሶሊ እጆች በታች አሳረፈ። አሁን አልከለከለችውም። አጁሉ የሶሊን ነጠላ ጫፍ ከወገቧ ፈትታ ፊቷን ጠረገችላት። ዝናቡ ጀመረ፤ ጥላው ምስሏን እንጂ እነሱን አላስጠለላቸውም። የቀረውን ዙር ሳያቋርጡ ጨረሱ።

ምስሏ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ጥላው ከጎኗ ቆመ። አቡና ሳንቲኖ የሆነውን ከከቢር ሰምቶ የሶሊን ራስ በመዳፉ ዳሰሰ። ከዚያ ጥላውን አየና እንደ ባዚሊካዎቹ ግማሹን ልጠፈው ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ሙሉውን ይተዉት» አለች ሶሊ። «የምንጠብቀው የለም።»

ከግቢው ሲወጡ ወደ አትላባራ እንዲመልሳት ከቢር መሪውን ሊያዞር ሲል ክንዱን ያዘችው። «ወደ ጀበል» አለች። አጁሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታሳያለች። ሶሊ መጀመሪያ ከቢርን አጎቷ ጋ አስደወለችው፤ ነገ ማለዳ ሰው እንዲሰበስብ፣ ጠንካራ ሴቶች እንዲኖሩበት፣ እናቷን የሚያቅፏት። አጎቷ «እሺ ልጄ» አለ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህን መኪናው ውስጥ ያሉት ሦስቱም ያውቃሉ።

ብዙ ሳይርቁ ስልኩ ጮኸ። እናት ነበረች። ሶሊ ልታነሣው ብትሞክር ክንዶቿ አልታዘዝ አሏት፤ ከጥላው በኋላ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ከቢር መኪናውን ዳር አቁሞ ስልኩን ከፍቶ በአፏ ትይዩ ያዘላት።

«ሰሎሜ» አለች እናት፤ በሙሉ ስሟ የሚጠራት እሷ ብቻ ናት። «ዛሬ አይደል ያልሽኝ? ስለቱ ገባ?»

«ገባ እማዬ።»

«እልል አሉልሽ?»

«አሉልኝ። ሁሉም አሉልኝ።»

«ሰዎቹ ባያውቁሽም?»

«ባያውቁኝም።»

ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል። ሶሊ ከንፈሯን ነክሳ የስልኩን ብርሃን ታያለች።

«ሰማችሽ?» አለች እናት።

ሶሊ ፊቷን ወደ ከቢር አዞረች።

«ሰማችሽ ወይ ነው የምልሽ፣ ልጄ?»

«ሰማችኝ እማዬ» አለች ሶሊ። ቃሉን ያወጣችው ቀጥ አድርጋ ነው።

እናት አልጮኸችም፤ መቼ ይመጣል ብላም አልጠየቀች። ስልኩ አንድ ነገር ላይ የተቀመጠ መሰለ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከባድ እንጨት በመሬት ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ ቆም ይላል፣ እንደገና ይጎተታል።

«እማዬ? ምን እያደረግሽ ነው?»

እናት እያለከለከች ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«ሣጥኑን ወደ ጓዳ እየመለስኩት ነው» አለች። «ዛሬ ማታ በሬን አልቀረቅርም።»